በጥቁር አፈር ግቢ ላይ የድንጋይ ሥራ፦ እስከ ጥቅምት የደረሰበት

ግቢው አቃቂ በኩል ነው። ስፋቱ 9 በ7 ሜትር፣ አፈሩ ጥቁር፣ ተዳፋቱም ወደ ቤቱ የሚወርድ። የታቀደው ከውጭ በር እስከ በረንዳ የኮብልስቶን መንገድ፣ ላይኛው ጥግ ላይ አፈር የሚይዝ ዝቅ ያለ ደረቅ ካብ፣ በቀረው ቦታ ጠጠር፣ ትልልቅ ድንጋይና ተክል ነው። መንገዱና ካቡ አልቀዋል፣ ክረምትም አልፎባቸዋል። ጠጠሩ ገና ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን ድንጋይ ከመምረጥ ይጀምራል። እንዲህ ባለ አፈር ላይ ግን መጀመር ያለበት ከውሃው ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተነጠፈበትን ሁሉ አብሮ ያነሳል፣ አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ቁፋሮው ሚያዝያ ላይ፣ መሬቱ ሳይጨቀይ ቢያልቅ ይመረጣል።

ተዳፋቱ ወደ ቤቱ ስለሆነ ከግድግዳው 1.5 ሜትር ርቆ ማፋሰሻ ቦይ ወጥቷል። ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 40 ሳንቲም ሲሆን በየሜትሩ 1 ሳንቲም ዝቅ ይላል። ዙሪያው ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) ለብሶ፣ ባለ 110 ሚሊሜትር የተበሳሳ የፒቪሲ ቱቦ ቀዳዳው ወደ ታች ዞሮ ከገባ በኋላ በ02 ጠጠር (2 ሳንቲም ገደማ በሆነው) ተሞልቷል፤ አንድ ሜትር ኩብ ያህል ፈጅቷል። ጥቁር አፈር ውሃ ስለማያሰርግ ቱቦው የግድ መውጫ ያስፈልገዋል። መውጫ የሌለው ቦይ ከመሠረት አጠገብ ውሃ ማቆር ነው። በቦይና በግድግዳው መካከል ያለው መሬት በየሜትሩ 2 ሳንቲም ወደ ቦዩ እንዲያዘነብል ተስተካክሏል። ልኩን ለማውጣት ውሃ የሞላ ግልጽ ቱቦ ይበቃል፤ ውስጡ የአየር አረፋ አለመቅረቱን ግን እዩ፣ ልኩን ያዛባል።

መንገዱ 8 ሜትር በ1.2 ነው። ቁፋሮው ግን 1.5 ሜትር ወርድ አለው፤ ገረጋንቲው (ጠጠር የተቀላቀለበት የሙሌት አፈር) ከጠርዙ ግራና ቀኝ 15 ሳንቲም ካልወጣ የጠርዙ ኮንክሪት በጥቁር አፈር ላይ ይቀመጥና ክረምት ላይ ይገለበጣል። ጥልቀቱ 35 ሳንቲም ነው፦ 20 ገረጋንቲ፣ 5 አሸዋ፣ 10 ድንጋይ። ተጠቅጥቆ 2.4 ሜትር ኩብ ለሚሆን ገረጋንቲ 3 ሜትር ኩብ አዝዙ፣ ሲጠቀጠቅ ይቀንሳል። አሸዋው ከነመገጣጠሚያው 0.7 ሜትር ኩብ ይሆናል። 10 በ10 የሆነው ኮብል በ1 ሳንቲም ክፍተት ሲነጠፍ በካሬ 83 ያህል ስለሚገባ፣ የሚሰበረውን ጨምሮ 840 ፍሬ ይበቃል።

ጥቅጠቃው ላይ አትቸኩሉ። በእጅ መጠቅጠቂያ ከሆነ በየ10 ሳንቲሙ እየተነጠፈ ነው መመታት ያለበት፤ 20ውን በአንድ ጊዜ አፍስሶ ከላይ ቢደበድቡት ታችኛው ልል ሆኖ ይቀራል። እርጥበቱን በጭብጥ ለኩ፦ ሲጨበጥ ተያይዞ የሚቆም፣ ውሃ ግን የማይወጣው ልክ ነው። ቀደም ሲል የውሃ ቧንቧ የተቀበረበት መስመር ካለ ድሮ የተመለሰውን አፈር አውጥታችሁ እንደገና ጠቅጥቁት፤ ንጣፍ መጀመሪያ የሚሰምጠው እዚያ ነው።

ጠርዙ ቀድሞ በ1፡2፡4 ኮንክሪት (አንድ እጅ ስሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር) ይታሰራል። ከዚያ በሲባጎ እየተመሩ ድንጋዩን ከመጨረሻው ልክ 1 ሳንቲም ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና በመዶሻ ማውረድ ነው። መገጣጠሚያውን በስሚንቶ መሙላት የተለመደ ቢሆንም እዚህ አይመከርም። አፈሩ ሲንቀሳቀስ ስሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከሥር ይቀመጣል። ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ አስገብቶ፣ ውሃ ረጭቶ፣ እንደገና መሙላት ይሻላል። ከክረምት በኋላ አሸዋው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ መስከረም ላይ አንዴ ተሞልቷል።

ከሁሉ የሚያረካው ካቡ ነው። ያለ ስሚንቶ የተካበ ድንጋይ ውሃውን በመካከሉ ስለሚያሳልፍ ግፊት አይከማችበትም፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት የኮንሶ እርከኖችም የተሠሩት በደረቅ ካብ ነው። የዚህ ግቢ ካብ ከፍታው 60 ሳንቲም፣ የታች ወርዱ 40 ነው። ፊቱ ወደ አፈሩ 10 ሳንቲም ያዘነብላል። ከሥሩ 20 ሳንቲም ተቆፍሮ ገረጋንቲ ተጠቅጥቆበታል።

ትልልቁ ጥቁር ድንጋይ ታች ይግባ። የድንጋዩ ረጅም ጎን ወደ ውስጥ እንጂ በፊት በኩል አይጋደም፤ እንዲህ ካልሆነ ካቡ ቆዳ ብቻ ሆኖ ሆዱን ይነፋል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች ላይ ይረፍ፣ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መገጣጠሚያ አይኑር። ወገቡ ላይ በየሜትሩ ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ማሰሪያ ድንጋይ ያስፈልጋል። የሚወዛወዘውን በሽብልቅ ስታስይዙ ሽብልቁን ከኋላ አስገቡ፣ ከፊት የገባው ይወድቃል። ከካቡ ጀርባ 25 ሳንቲም ያህል ጠጠር ሙሉ፤ ጥቁር አፈር በቀጥታ ከተደገፈበት ሲያብጥ ይገፋዋል። ከአንድ ሜትር ለሚበልጥ ካብ መሐንዲስ አማክሩ።

ለጠጠሩ አሁን ጥሩ ጊዜ ነው። ሰርዶው ከነሥሩ ካልወጣ ምንም ቢነጠፍበት ይበቅላል። ፕላስቲክ አታንጥፉ፣ ውሃ ከላዩ ይቆማል፤ ጂኦቴክስታይል 20 ሳንቲም እየተደራረበ ይነጠፍና 6 ሳንቲም 02 ጠጠር ይለብሳል። ለ10 ካሬ 0.6 ሜትር ኩብ ነው። ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ከእግር በታች ስለሚንከባለል መረገጫ ላይ አይሁን። ቀይ አሽም (ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ለአበባ መደብ ግሩም ነው፤ ሲረገጥ ግን ይደቅቅና በክረምት በረንዳውን ያቀላል።

ትልልቁን ድንጋይ አንድ ሦስተኛውን ቅበሩት፣ ካልተቀበረ የተጣለ ይመስላል። 50 ሳንቲም ውፍረት ያለው ድቡልቡል ጥቁር ድንጋይ 180 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ከመምጣቱ በፊት ጉድጓዱ ይቆፈር፣ ድጅኖና መንከባለያ እንጨት ይዘጋጅ። በድንጋዮቹ መካከል ጦስኝና እሬት ይተከላሉ። ሁለቱም ፀሐይ ይወዳሉ፣ ውሃ የሚቆምበት ቦታ ግን ሥራቸውን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ መደባቸው ከመሬቱ 15 ሳንቲም ከፍ ይልና አፈሩ ከቀይ አሽ ጋር እኩል ይደባለቃል።