የመሰንጠቂያው ከተማ ከማዶ፦ የፖርት ጋምብልን ታሪክ ከመዝገብ ያወጣሁበት መንገድ

ፖርት ጋምብል በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል ሰሜን ምዕራብ፣ በኪትሳፕ ልሳነ ምድር ጫፍ ያለች ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። የእንጨት መሰንጠቂያዋ በ1853 ተተክሎ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በ1995 እስኪዘጋ ድረስ 142 ዓመት ሠርቷል። የተለመደው ታሪኳ በየቦታው ይገኛል፤ ከሜን ግዛት፣ ከኢስት ማቻያስ መጥተው መሰንጠቂያውን ያቋቋሙት ፖፕና ታልቦት፣ የዚያን አገር ቤት የሚመስሉት ነጫጭ ቤቶች፣ በ1879 የተሠራው ቤተ ክርስቲያን። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው፦ ማን የት ይኖር እንደነበር፣ ስንት ጣውላ ወዴት እንደተጫነ፣ ባሕሩ ዳር እንዴት እንደተለወጠ።

መጀመሪያ ማንኛውንም መዝገብ ከመክፈቴ በፊት የስም ሰንጠረዥ መሥራት ነበረብኝ። ይህን ሳላደርግ ጀምሬ ብዙ ቀን አባክኛለሁ። ቦታው እስከ 1868 ድረስ የሚጠራው ቲካሌት ተብሎ ስለሆነ፣ «ፖርት ጋምብል» ብሎ የ1850ዎቹን ጋዜጣ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። አውራጃው በጥር 1857 ሲቋቋም ስሙ ስሎተር ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ኪትሳፕ ተባለ። የፖፕና የታልቦት ኩባንያም በመሰንጠቂያው በኩል ፒዩጀት ሚል ካምፓኒ ሲሆን፣ በሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ግን መጀመሪያ በታልቦት ስም፣ ኋላም ፖፕ ኤንድ ታልቦት ተብሎ ነው የሚገኘው። የቦታው ነባር ሕዝብ የሆኑት ስክላላሞች ደግሞ «ክላላም» እየተባሉ በሌላ ፊደል ተጽፈዋል። በኮምፒውተር የተነበበ የድሮ ጋዜጣ አንዱን ፊደል በሌላ ስለሚተካ፣ ቲካሌትን በአራት በአምስት የተሳሳተ አጻጻፍ ጭምር መፈለግ ግድ ነው።

የመሬት ሽያጭ መዝገብ እዚህ አይረዳም። በሌላ ከተማ የቤት ታሪክ የሚጀመረው ከይዞታ ዝውውር ነው፤ እዚህ ግን ቤቱም ሱቁም መሬቱም የኩባንያው ስለነበር የሚተላለፍ ነገር የለም። ስለዚህ ነዋሪውን ያወጣሁት ከሕዝብ ቆጠራ ነው። የ1890ው የፌዴራል ቆጠራ በ1921 በደረሰው ቃጠሎ ምክንያት ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ክፍተቱን ለመሙላት ዋሽንግተን ገና ግዛት ሳትሆን በ1880ዎቹ ያካሄደቻቸውን ቆጠራዎች ተጠቀምኩ። የፌዴራሉ ቆጠራ ስም ዝርዝር የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ ለአሁኑ የመጨረሻው የ1950 ነው።

ትልቁ ወጥመድ ግን የጎደለው ዓመት አይደለም። በዘመኑ ሕግ «ግብር የማይከፍሉ ሕንዶች» የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች በ1860ም፣ በ1870ም፣ በ1880ም በመደበኛው ቆጠራ አይገቡም ነበር። ስክላላሞች የመሰንጠቂያው ቦታ ሲፈለግ መንደራቸውን ለቀው ከሰላጤው ማዶ፣ ፖይንት ጁሊያ ወደሚባለው የአሸዋ ምላስ ተሻግረዋል፤ ለቤት መሥሪያ ጣውላና በመሰንጠቂያው ሥራ እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ነበር። በየቀኑ በታንኳ እየተሻገረ ግንድ የሚገፋና ጣውላ የሚጭን ሰው ከቆጠራው ወረቀት ላይ የለም። የመጀመሪያ ሰንጠረዤ ላይ «የከተማው ሕዝብ» ብዬ የጻፍኩት ድምር በአንድ በኩል ያለውን ዳር ብቻ የሚቆጥር ነበርና አርዕስቱን «በኩባንያው ቤት የሚኖሩ» ብዬ ለወጥኩት።

ቁጥሮች ላይ ሲደረስ መለኪያውን ማወቅ ያሻል። ቦርድ ፉት ማለት አንድ ጫማ በአንድ ጫማ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ እንጨት ነው። 424 ቦርድ ፉት አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። በጋዜጣና በጭነት ደብተር ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው «ኤም» የሮማውያን ሺህ ነው እንጂ ሚሊዮን አይደለም። «300 ኤም ጫማ» ቢል 300,000 ቦርድ ፉት፣ ማለትም 708 ሜትር ኩብ ያህል ነው፤ ለአንድ ባለ ሸራ መርከብ የሚበቃ ጭነት። ሚሊዮን ብላችሁ ካነበባችሁት ከተማዋ ዓለምን በጣውላ የሸፈነች ትመስላለች። ሌላው ደግሞ የግንዱ ልክ ነው። የግንድ መለኪያ ሰንጠረዥ ከቀጭኑ ጫፍ ስፋት ተነስቶ የሚወጣውን ጣውላ ይገምታል እንጂ አይመዝንም፤ በዚህ የተነሳ የወጣው ጣውላ ከገባው ግንድ በልጦ ሲገኝ ማጭበርበር ወይም የመጻፍ ስህተት መስሎኝ ነበር። ሁለቱን በአንድ ዓምድ አትደምሩ።

ለጭነቱ መዳረሻ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጉምሩክ ነው፤ ያም አሳሳተኝ። የጉምሩክ ዝርዝር አጥብቆ የሚይዘው ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን ነው። ሃዋይ እስከ 1898 ውጭ አገር ስለነበረች በደንብ ትታያለች፤ ዋናው ገበያ ሳን ፍራንሲስኮ ግን የአገር ውስጥ ጉዞ ስለሆነ ይሰወራል። እሱን ያገኘሁት በተቃራኒው ወደብ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጦች በየዕለቱ ያወጡት በነበረው የገቡ መርከቦች ዓምድ ነው። እያንዳንዱን መስመር ስመዘግብ አንድ ዓምድ ለተጻፈው ቃል እንዳለ፣ አጠገቡ ሌላ ዓምድ ለእኔ ስሌት መደብኩ። አስተካክሎ ብቻ የጻፈ ሰው ስህተቱን መልሶ ማግኘት አይችልም።

ካርታው ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ ወሰደ። የመሬት ቀያሾች የመስክ ማስታወሻ በነፃ በኢንተርኔት ይገኛል። ርቀቱ በሰንሰለት ነው፤ አንዱ ሰንሰለት 66 ጫማ ወይም 20.1 ሜትር፣ 80ው አንድ ማይል። በየማዕዘኑ ለምስክርነት ምልክት ያደረጉባቸውን ዛፎች ከነዓይነታቸውና ከነስፋታቸው ይጽፋሉ፤ ከመጥረቢያ በፊት የነበረውን ደን ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። ቀያሹ ግን ለመፋቅ የሚመቸውን ዛፍ ስለሚመርጥ፣ ከነዚህ ብቻ አማካይ ስፋት ማውጣት አያዋጣም። የድሮውን ካርታ በአሁኑ ላይ ሳስቀምጥ የባሕሩን ዳር እንደ ማያያዣ ነጥብ መጠቀሜ ሁሉን ነገር አጣመመው፤ የመሰንጠቂያው ግቢ ወደ ባሕሩ ተሞልቶ የሰፋ ነው፣ የአሸዋው ምላስም ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ወዲያ የቅየሳ ማዕዘኖችን ብቻ፣ ከስድስት ሳያንስ ወሰድኩ።

ከቤተ መዛግብት ውጭ ያገኘሁት ምርጥ ሰነድ የመሐንዲሶች ነው። እንጨት የሚበላ የባሕር ትል ምሰሶ ስለሚቦረቡር ምሰሶዎቹ ክሪዮሶት በሚባል ሬንጅ መሰል መከላከያ ይነከሩ ነበር፤ ቅርፊትና ሰጋቱራም ሰላጤው ውስጥ ይወድቅ ነበር። ከ2015 እስከ 2017 በተደረገው ጽዳት ከ8,000 በላይ ምሰሶ ተነቅሏል። ለዚህ ሥራ ወለሉን በቧንቧ ወግተው ያወጡት ናሙና ተመዝግቦ በግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀምጧል፦ እዚህ ይህን ያህል ሰጋቱራ፣ ከሥሩ ጭቃ፣ ከዚያ የዛጎል ስብርባሪ። ሰጋቱራ ሲበሰብስ ኦክሲጅኑን ይጨርስና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ያወጣል፤ ዛጎል በሚለቀምበት ወለል ላይ ማለት ነው። በ1855ቱ የፖይንት ኖ ፖይንት ውል ስክላላሞች መሬቱን ሲሰጡ የማጥመድ መብታቸውን ይዘው ቀርተዋል፤ ከማዶ ያለው መሬታቸው በመንግሥት የተከለለላቸው ግን ገና በ1938 ነው። የኩባንያው ደብተር የተጫነውን ጣውላ እንጂ ባሕሩ ውስጥ የወደቀውን አልመዘገበምና፣ የናሙናውን ጥልቀት ከጭነቱ ሰንጠረዥ አጠገብ በራሱ ዓምድ አስገባሁት።