ኮዬ ፈጬ፣ ፍልሰታና የስልኬ ደወል

ባለፈው ነሐሴ፣ ከ9 ዓመት የለንደን ኑሮ በኋላ እናቴ ወደምትኖርበት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስመጣ፣ ከሻንጣዬ ይልቅ ያሳሰበኝ ስልኬ ነበር። ከሐኪሜ ጋር የሚያገናኘኝና በየጥቂት ሰዓቱ የምበላበትን ጊዜ የሚያስታውሰኝ መተግበሪያ ያለው እሱ ላይ ነው፤ የደረስኩት ደግሞ በፍልሰታ፣ ሕፃናት እንኳ ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል በማይቀምሱበት ወቅት ነው።

ሕመሜ ቡሊሚያ ነርቮሳ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጡለት ጄራልድ ራስል የተባሉ የለንደን የአእምሮ ሐኪም ናቸው። ታማሚው ብዙ ጊዜ አጥንቱ የወጣ ሰው አይደለም፤ ተደብቆ ከልክ በላይ ይበላል፣ ከዚያም በፍርሃትና በኀፍረት የበላውን ለማስወጣት ይታገላል። ስለዚህም ማንም አያውቅበትም። ጎረቤታችን ገና በሩን ሳልፍ «እሰይ፣ ተመችቶሻል፣ ወፈር ብለሻል!» ያሉኝ ሊያስደስቱኝ ነበር፤ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ስልክን የማመሰግነው ቅር እያለኝ ነው። ሕመሙን ያባባሰብኝም ስልክ ነበርና፤ በስደቱ የመጀመሪያ ዓመታት ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ፣ ካሎሪ በሚቆጥር መተግበሪያ እያንዳንዷን ጉርሻ ወደ ቁጥር ስመነዝር አነጋ ነበር። አሁን የምጠቀምበት ግን ስለ ቁጥር አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ምን እንደበላሁ፣ መቼ፣ የት፣ ከማን ጋርና ምን እየተሰማኝ እንደሆነ ነው። መነሻው የኦክስፎርዱ የአእምሮ ሐኪም ክሪስቶፈር ፌርበርን ያዳበሩት ሕክምና ሲሆን፣ ለብዙዎች 20 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ አስቀድሞ የሚያስተካክለውም የምግቡን ዓይነት ሳይሆን ሰዓቱን ነው። በቀን 3 ዋና ምግብና 2 ወይም 3 መክሰስ ይበላል፣ በመካከላቸውም ከ4 ሰዓት የበለጠ ባያልፍ ይመረጣል፤ ሲራብ የዋለ ሰው መጨረሻ ላይ ራሱን መግታት ያቅተዋልና። መዝገቡም እዚያው በተበላበት ሰዓት ይሞላል፤ ማታ ቢጻፍ ግን ኀፍረት ያርመዋል።

ቀድሞ ይህ ሁሉ በወረቀት ይሠራ ነበር። መሶብ ከብበው የተቀመጡ ዘመዶች መካከል ወረቀትና እስክሪብቶ ያወጣ ሰው ምን እንደሚባል አስቡት። እህቴ ቲክቶክ ስታይ እኔ መዝገቤን ብሞላ ግን ማንም ልብ አይልም። ያስቸገረኝ ሌላ ነገር ነው፦ መተግበሪያው የሳህኔን ፎቶ ይጠይቃል። ለአራት ሰው በቀረበ ትሪ ላይ የእኔ ሳህን የቱ ነው? እናቴ ሽሮውን ወደ እኔ በኩል ትገፋዋለች፤ ካጎረሰችኝም በኋላ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብላ ሁለተኛውን ታስከትላለች።

የንስሐ አባቴ የታመመ ሰው ለጾም እንደማይገደድ ነግረውኛል፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም ነበር። አንድ ቀን ስልኬ 10:00 ብሎ ሲጮህ የሳሎኑ የግድግዳ ሰዓት 4 ላይ ነበር። መኝታ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ሙዝና ዳቦ በላሁ። መዝገቡን ስሞላ ነው የደነገጥኩት፤ ተደብቆ መብላት ሕመሜ ራሱ ነውና፣ በሰዓቱ ታዝዤ እንኳ የጻፍኩት «መኝታ ቤት፣ ብቻዬን» የሚል ነበር። ሐኪሜ አይታው በማግስቱ አንድ መስመር ብቻ ላከችልኝ፦ እናትሽ ያውቃሉ?

ነገርኳት። የሕመሙ ስም ስላልገባት «ጨጓራ ነው?» አለችኝ። መዝገቡን ከፍቼ የጥቂት ቀናቱን እያነበብኩ አስረዳኋት። ብዙ ቆይታ «ይሄን ሁሉ ስትነግሪ የኖርሽው ለስልክ ነው?» ስትል የምመልሰው አጣሁ።

በዚያው ሳምንት መብራት ጠፍቶ 2 ቀን ሳይመጣ ቆየ፤ ስልኬም ፓወር ባንኩም ተዘጉ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ለቅዳሴ ልትወጣ ነጠላዋን እያጣፋች ሳለ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ተመልሳ ዳቦና ሻይ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አቀረበችልኝና፣ እሷ ውኃ እንኳ ሳትቀምስ፣ እስክጨርስ ድረስ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። የዚያን ቀን ቅዳሴ የደረሰችው ዘግይታ ነው።