ድሬዳዋ ላይ በምልክት ቋንቋ ማስተርጎም

ችሎት ከመጀመሩ በፊት የባለጉዳዮቹንና የሰፈሮቹን ስም ጠይቁ። ሳቢያንን፣ ከዚራን፣ ገንደ ቆሬን ባለጉዳዩ በምን ምልክት እንደሚጠራቸው ካላወቃችሁ በጣት ፊደል መጻፍ ሊኖርባችሁ ነው፤ ጊዜ ይበላል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት 7ቱ ድምፆች የሚለዩት በእጅ እንቅስቃሴ ነው። እጅ ሲደክም መጀመሪያ የሚደበዝዘው ይኸው እንቅስቃሴ ነው፤ «ሩ» «ራ» ትመስላለች፣ ስሙም የሌላ ሰው ይሆናል። በየ20 ደቂቃው ከባልደረባ ጋር መቀያየር ግድ ነው (አንድ አስተርጓሚ ብቻ የሚጠሩ ቢሮዎች ይህን ቢረዱልን!)። መስኮት ከጀርባችሁ አይሁን፤ የድሬ ፀሐይ ፊታችሁን ያጨልመዋል፣ ጥያቄና አሉታ ደግሞ ከፊት ነው የሚነበበው። ሸሚዛችሁ ባለ አንድ ቀለም፣ ከእጃችሁ ቆዳ የሚለይ ይሁን።