ስሙ ክላሱ ላይ አልነበረም

ትናንት ማታ አምሽቼ ነው የተኛሁት። ነገሩ ግን ስለገባኝ ሳልረሳው ልጻፈው።

ሦስት ቀን ሙሉ የታገልኩት ከአንድ የኤክስኤምኤል (XML) የክፍያ ፋይል ጋር ነው። ከተላከልን ስኪማ (የፋይሉን ቅርጽ ከሚወስነው ሰነድ) በኤክስጄሲ (xjc፣ ስኪማ አንብቦ የጃቫ ክላስ በሚጽፍ መሣሪያ) የጃቫ ክላሶቹን ጄነሬት አደረግኩ፤ ኦብጀክቱን ዳታ ሞላሁት፤ ማርሻል ላደርገው፣ ማለትም ወደ ኤክስኤምኤል ልቀይረው ስል ጃክስቢ (JAXB፣ ይህን ቅየራ የሚሠራው የጃቫ ላይብረሪ) እምቢ አለኝ። ክላሱ «ኤክስኤምኤል ሩት ኤለመንት» የሚባለው አኖቴሽን (ክላስ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ስለሌለው እንደ ኤለመንት (ስም ያለው የኤክስኤምኤል ክፍል) ልጽፈው አልችልም ይላል። ቸኩዬ ክላሱን ከፈትኩና አኖቴሽኑን በእጄ ጨመርኩበት። ፋይሉ ወጣ፤ ላክሁት፤ ወዲያው ውድቅ ሆኖ ተመለሰ።

ፋይሉን ከፍቼ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳይ ምክንያቱ ታየኝ። ስኪማው የሚጠብቀው «ፔይመንት» የሚል ኤለመንት ነው፣ በካፒታል ፒ። የእኔ ፋይል የሚጀምረው ግን «ፔይመንት ታይፕ» ብሎ ነው፣ ያውም በትንሿ ፒ። አኖቴሽኑ ስም ካልተሰጠው የክላሱን ስም ይወስድና የመጀመሪያዋን ፊደል ያሳንሳታል። ስሙን አስተካከልኩ። በማግስቱ ቢልድ ሲደረግ (ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ሲገነባ) ኤክስጄሲ ክላሱን እንደ አዲስ ጽፎ የጨመርኩትን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። እልህ ይዞኝ ክላሶቹን ወደ ሌላ ፓኬጅ ገልብጬ ከቢልዱ ላስመልጣቸው ሞከርኩ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ ጣጣ አመጣ፤ እመለስበታለሁ።

ማታ ቁጭ ብዬ ስኪማውን ራሱን አነበብኩት። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ይህን ነበር። «ፔይመንት ታይፕ» ራሱን ችሎ የቆመ ኮምፕሌክስ ታይፕ (የኤለመንት ይዘት ምን እንደሚመስል የሚገልጽ ዓይነት) ነው፤ የሚጠቀሙበት ኤለመንቶች ደግሞ ሁለት ናቸው፦ «ፔይመንት» እና «ሪፈንድ»። ታዲያ ኤክስጄሲ ለክላሱ የትኛውን ስም ይስጠው? ተጠቃሚው አንድ ኤለመንት ብቻ ቢሆን እንኳ አይደፍርም፤ ነገ ሌላ ስኪማ ያንኑ ታይፕ በሌላ ስም ሊጠቀምበት ይችላላ። ታይፑ ስም ሳይኖረው እዚያው ኤለመንቱ ውስጥ ቢገለጽ ኖሮ ግን ከዚያ ኤለመንት በቀር ማንም ሊጠቀምበት ስለማይችል አኖቴሽኑን ራሱ ይጨምረው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ጉድለት ነው ብዬ የተማረርኩበት ነገር ጥንቃቄ ኖሯል።

ስሙም አልጠፋም። ከክላሶቹ ጋር አብሮ የሚወጣ «ኦብጀክት ፋክቶሪ» የሚባል ክላስ አለ፤ እስከ ትናንት ድረስ ከፍቼው አላውቅም። ውስጡ «ክሪኤት ፔይመንት ታይፕ» ባዶ ኦብጀክት ይሰጣል። «ክሪኤት ፔይመንት» ግን የተሞላውን ኦብጀክት ተቀብሎ በ«ጃክስቢ ኤለመንት» ጠቅልሎ ይመልሳል፤ መጠቅለያው ላይ ትክክለኛው ስም ከነኔምስፔሱ (ተመሳሳይ ስሞች እንዳይምታቱ ከሚለያቸው መለያ ጋር) ተጽፏል። የሁለቱ ስም መመሳሰል ሰው ያሳስታል፣ ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ማርሻል የሚደረገው ጥቅሉ ነው፣ ኦብጀክቱ አይደለም።

እንዲህ አድርጌም ፋይሉ አንዴ ወደቀብኝ። ዋናው ኤለመንት ኔምስፔስ ይዞ ሲወጣ ልጆቹ፣ ማለትም ውስጡ ያሉት ኤለመንቶች፣ ያለ ኔምስፔስ ባዶአቸውን ወጡ። ያ ክላሶቹን የገለበጥኩበት ጣጣ ነው፦ «ፓኬጅ ኢንፎ» የምትባለውን ትንሽ ፋይል ጥያት መጥቻለሁ። ልጆቹ ኔምስፔሱን ይዘው እንዲወጡ የምታዘው እሷ ናት፤ የዋናው ኤለመንት ኔምስፔስ ግን ኦብጀክት ፋክቶሪ ውስጥ ስለተጻፈ አልተነካም። ግልባጩን አጠፋሁ፣ ጄነሬት ወደተደረጉት ክላሶች ተመለስኩ፣ አንድም ፊደል በእጄ አልነካሁባቸውም።

ከመተኛቴ በፊት ያንኑ ኦብጀክት ሳልቀይረው «ክሪኤት ሪፈንድ» ውስጥ አስገባሁት። ያው ገንዘብ፣ ያው ቀን፣ ያው መለያ ቁጥር «ሪፈንድ» ተብሎ ወጣ፤ በስኪማው ሳረጋግጠውም አለፈ።