የጋሪ ፈረሶቼን ፋንድያ ከጎረቤት ጉድጓድ እንዴት እንዳራቅኩት

ድሬዳዋ ውስጥ አምስት የጋሪ ፈረሶች አሉኝ። ሥራውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። ግቢያችን ከተማው ዳር ላይ ነው። ከጀርባው አሸዋማ ወንዝ አለ። ወንዝ ስል የድሬ ሰው ይገባዋል። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ያልፋል፣ አሸዋ ይዛቅበታል። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን ቀን የምንረሳ አይደለንም።

አባቴ ፋንድያውን ወንዙ ዳር ይደፋ ነበር። እኔም እንደዚያው ቀጠልኩ። «ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል» እንል ነበር። የት እንደሚያደርሰው ግን ጠይቀን አናውቅም።

የነቃሁት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በበልግ ነው። ሌሊቱን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስወጣ ከክምሩ ግማሹ የለም። ከቀረው ውስጥ ሻይ የመሰለ ውኃ ወደ ታች ይንቆረቆራል። ከእኛ በታች የሚኖሩት እማማ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አላቸው። ቧንቧ በሚጠፋበት ቀን ሰፈሩ የሚቀዳው ከዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ባልዲ አንጠልጥለው መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እስቲ አሽትተው» ብለው አስጠጉልኝ። የሸተተኝ የራሴ ጋጣ ነው።

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኚህ ሴት በልጅነቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ውኃ ያጠጡኝ የነበረው ከዚያው ጉድጓድ ነው።

በውኃ ቁፋሮ ሥራ ላይ የቆየ ዘመድ አለኝ። እሱን ይዤው ሄድኩ። ወንዙን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብሎ ያስረዳኝ ጀመር። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ለከተማው ቧንቧ ውኃ የሚሰጡት የሳቢያን ጉድጓዶችም የሚስቡት ከዚያው ነው። በስተደቡብ ካለው ተራራ የሚወርደው ዝናብ እንዲህ ባሉ አሸዋማ ወንዞች በኩል ወደ ታች ይሰርጋል። ከሥር ያለው የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ አለው። ውኃው በስንጥቁ ሲያልፍ ብዙም አይጣራም። «አቦ፣ ይሄ አሸዋ እኮ የጉድጓዱ አፍ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቁን ወንዝ ሳይ ሌላ ነገር ነው የማየው።

ስለ ናይትሬት የሰማሁትም ያኔ ነው። ፋንድያና ሽንት ውስጥ ናይትሮጅን አለ። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬት ደግሞ አፈር አይዘውም፤ ከውኃ ጋር ይወርዳል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም። ብታፈላውም አይጠፋም። እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረው ይወፍራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በጡጦ የሚያድጉ ጨቅላዎችን ነው። ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ያቅተውና ሰውነታቸው ይጠቁራል።

የእማማን ውኃ አስመረመርን። ከወሰኑ በላይ ነበር። ጀርምም ተገኘበት።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብኝ። የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ ናይትሬት የበዛበት መሆኑ የቆየና የተጠና ጉዳይ ነው። ዋናው ተጠያቂም የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ሁሉንም በፈረስ ላይ መላከክ ልክ አይደለም። ግን የእኔ ድርሻ ስንት ነው? መለካት ፈለግኩ። ለአንድ ሳምንት ፋንድያውን በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላሁ በጓደኛዬ የእህል ሚዛን መዘንኩት። አንዱ ፈረስ በቀን 12 ኪሎ አካባቢ ይጥላል። የእኛ የጋሪ ፈረሶች ትናንሽ ናቸው። 450 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ፈረስ ከነሽንቱ ከ20 ኪሎ በላይ ይጥላል። 12 ኪሎ ለብቻው ትንሽ ይመስላል። በአምስት ፈረስና በ365 ቀን ስታባዛው ግን ከ21 ቶን ያልፋል። በየዓመቱ ይህን ሁሉ ጉድጓድ አፍ ላይ ስደፋ ኖሬያለሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ፋንድያውን በመኪና አስጭኖ ማስጣል ነበር። ዘመዴ ከለከለኝ። «መጀመሪያ ውኃውን አስተካክል» አለኝ። አልገባኝም ነበር። አሁን ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ምክር እሱ ነው እላለሁ። ደረቅ ፋንድያ በራሱ የትም አይሄድም፤ የሚሸከመው ውኃ ነው። የጋጣው ቆርቆሮ 60 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል ከጣሪያው ብቻ 1,200 ሊትር ይወርዳል። ያ ሁሉ ንጹሕ ውኃ ግቢው ላይ ወርዶ፣ ፋንድያውን አጥቦ፣ ቡናማ ሆኖ ነበር የሚወጣው።

ስለዚህ አሸንዳ አስገጠምኩ። ውኃው ወደ ሮቶ ይገባል፤ ሲሞላ የሚተርፈው በቱቦ በአጥሩ ጥግ ይወጣል። ከግቢው በላይ በኩል ደግሞ ቦይ ቆፈርኩ። ከመንገድ የሚመጣው ጎርፍ ግቢ ሳይገባ ዞሮ ያልፋል። ቦዩን ለመቆፈር ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ያወጣሁት ገንዘብ የአንድ ልጅ የቀን ሥራ ክፍያ ብቻ ነው። ለአሸንዳው ግን ገንዘብ ወጥቷል። ዘንድሮ የምትጀምር ከሆነ ቦዩን አስቀድም።

ቀጥሎ የፋንድያው ተራ መጣ። ከወንዙም ከጉድጓዱም ርቆ ከፍ ያለ ቦታ መረጥኩ። ወለሉን በሲሚንቶ አስለሰንኩት፤ በሦስት ጎን ዝቅ ያለ የድንጋይ ግንብ አስቆምኩ። በውስጡ ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ይሞላል፣ አንዱ ይበስላል፣ ከአንዱ ይታፈሳል። ከላይ ቆርቆሮ አለበት። ቆርቆሮው ለዝናብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ለፀሐዩም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ክምር ከሸፈብኝ። በመጽሐፍ እንደሚባለው አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ከመርኩትና ጠበቅኩ። ሁለት ቀን ሞቀ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ። በመንሽ ስገልጠው ውስጡ አመድ የመሰለ ነጭ አቧራ ሆኗል። ደርቋል። የድሬ ሙቀት እርጥበቱን መጥጦ ጨርሶታል። አገላባጩ በመሆኔ አቧራው ለሦስት ቀን አሳለኝ። ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬን በጨርቅ ሳልሸፍን አልነካውም። እርጥበቱን የምለካው በእጄ ነው። አንድ ጭብጥ አፍሼ እጨምቀዋለሁ። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፤ ከተበተነ አንሷል። የሮቶውን ውኃ የምረጨው ለዚህ ነው። ከላይም እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ሰጋቱራ ነው። ከእንጨት ቤት በነጻ ስለሚሰጡኝ ጋጣው ውስጥ ወፍራም አድርጌ እነሰንስ ነበር። ክምሩ ስድስት ወር ቆይቶም ሰጋቱራው እንዳለ ነው። ያንን ያልበሰለ ነገር አንድ የፓፓያ እርሻ ላለው ወዳጄ ሰጠሁት። ቅጠሉ ቢጫ ሆነበት። እንጨት ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከአፈሩ ይሻማል። ፓፓያው የተራበው ለዚያ ነው። በጣም አዘንኩ፤ በቀጣዩ ዙር በደንብ የበሰለውን በነጻ ወስጄ ካስኩት። አሁን ሰጋቱራውን ሽንት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ፣ በስሱ ነው የማደርገው። እርጥብ ነገር ደግሞ እጨምርበታለሁ፦ የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ የኒም ቅጠል፣ ፍየሎች የተዉትን ገረባ። ጫት ባለበት አገር ገረባ አይጠፋም።

በደንብ የተሠራ ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይሞቃል። ከሦስት ቀን በላይ ከ55 ሳይወርድ ከቆየ የትል እንቁላሉም አብዛኛው የአረም ዘርም ይሞታል። የክምሩ ጠርዝ ግን አይሞቅም። ስለዚህ በየሳምንቱ አገላብጠዋለሁ፤ ውጪ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል። ቴርሞሜትር ባልነበረኝ ጊዜ ረጅም ብረት ሰክቼ እተወው ነበር። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስመዘው በእጄ መያዝ ካቃተኝ እየሠራ ነው። በሦስት ወር ገደማ ጥቁር፣ ፍርፍር የሚል፣ የዝናብ አፈር የሚሸት ነገር ይሆናል። ፋንድያ እንደነበር የማያውቅ ሰው አይገምትም። ዛሬ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች በከረጢት ይገዙኛል። ዝንቡም በግልጽ ቀንሷል። ፈረሶቹ ዓይናቸውን ሲያራግፉ አይውሉም።

የትል መድኃኒት በሰጠሁ ሰሞን የሚወጣውን ፋንድያ ለብቻው አደርጋለሁ። አይቨርሜክቲን የሚባለው የትል መድኃኒት ከፈረሱ ሆድ ከነጉልበቱ ነው የሚወጣው። ፋንድያ የሚገፉትን ጥንዚዛዎች ይጎዳል፤ ውኃ ውስጥ ላሉ ትናንሽ ነፍሳት ደግሞ መርዝ ነው። ይህን የነገረኝ የእንስሳት ሐኪም ነው። ጥንዚዛ ፋንድያ ቀብሮ አፈር የሚያደርግልኝ ነጻ ሠራተኛ ነው፤ እሱን ልገድል አልፈልግም።

ፈረሶቹን ወንዙ ውስጥ ማጠብም ትቻለሁ። አሁን ግቢ ውስጥ ጠጠር ያነጠፍኩበት ቦታ አለ። የታጠቡበት ውኃ ወደ ታችኛው አጥር ይወርዳል። እዚያ ስፋቱ አራት ሜትር የሆነ የዝሆን ሣር አለ፤ ከጫፉ ቬቲቨር የሚባል ሣር ተክዬበታለሁ። ሣሩ ውኃውን ያዘገየዋል፣ ደለሉን ይይዛል፣ ናይትሮጅኑን ይበላል። እኔ ደግሞ ሣሩን አጭጄ ለፈረሶቹ እመልሳለሁ። የድርቆሽ ዋጋ ያለበትን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ሌሎቹን ባለጋሪዎች ማሳመን ግን ቀላል አልሆነም። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪ የሚያስገባው ገንዘብ ቀንሷል። «ለፋንድያ ሲሚንቶ ላፍስስ?» ያሉኝ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ለእነሱ ሲሚንቶውን ትቼ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምነግራቸው። ወንዝ ዳር አትድፉ፤ የደፋችሁትን ደግሞ በሸራ ሸፍኑ። አባቴ የሚያውቃቸው አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ባለፈው ክረምት አሮጌ ሸራ ገዙ። ሳልጠይቃቸው «ና፣ እይልኝ» ብለው ወስደው አሳዩኝ። በጣም ደስ አለኝ።

የእማማ ጉድጓድ እስካሁን ለልብስና ለዕቃ እንጂ ለመጠጥ አይሆንም። ሽታው ጠፍቷል። ናይትሬቱ ግን በአንድ ክረምት የሚለቅ ነገር አይደለም። የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ከፍ አድርገን ክዳን ሠርተንለታል፤ ጀሪካን በሞላን ቁጥር መልሰን እንዘጋዋለን። ናይትሬቱ ከወሰኑ በታች እስኪወርድ ድረስ የመጠጥ ውኃ በጋሪ አመጣላቸዋለሁ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ እንደገና እናስመረምረዋለን። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ግቢ ሽንት ቤት ማስተካከል አለብኝ። ከጉድጓዱ ያለው ርቀት 25 እርምጃ ብቻ ነው። ትናንት ለካሁት።