ሦስት ቼዳር በአንድ ሰሌዳ፦ በብሪታንያ የእርሻ ቺዝ የደረስኩበት

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆች። ለንደን ሆኜ የብሪታንያን የእርሻ ቺዝ መማር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ልምምድ አንድ ነው፦ አንድ ዓይነት ቺዝ መርጦ፣ ከተለያየ እርሻ የመጣውን ጎን ለጎን አስቀምጦ መቅመስ። ዓይነት ማብዛት ደስ ይላል፤ ምላስ የሚሠለጥነው ግን ልዩነቱ ጥቂት ሲሆን ነው። ስለዚህ ሰሞኑን የከረምኩት በቼዳር ላይ ነው።

ቼዳር ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ ታሽጎ የሚገዛውን ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሱመርሴት፣ ከጥሬ ወተት ተሠርቶ፣ ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ሬኔት ረግቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቆየውን ነው። ሰሌዳዬ ላይ የነበሩት ሞንትጎመሪ፣ ኪንስ እና ዌስትኮምብ ናቸው። ሦስቱም የአንድ አውራጃ ሰዎች ናቸው፤ አሠራራቸውም በመሠረቱ አንድ ነው። ወተቱ ረግቶ አጓቱ ከተለየ በኋላ፣ የረጋው በትልልቁ ተቆርጦ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራል፤ ይገለበጣል፤ እንደገና ይደረደራል። በገዛ ክብደቱ አጓቱን እያወጣ፣ እየኮመጠጠና እየጠነከረ ይሄዳል። ቼዳርን ቼዳር የሚያሰኘው ይህ መደርደርና መገልበጥ ነው። ከዚያ ይከተፋል፣ ጨው ይገባበታል፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይጨመቃል። አንዱ ክብ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በማቆያው ውስጥም በየጊዜው መገላበጥ አለበት። ዌስትኮምቦች ለዚህ ድካም ሮቦት አስገብተዋል።

ታዲያ አሠራሩ አንድ ከሆነ ጣዕሙ ለምን ይለያያል? ቅመሱትና ትደነቃላችሁ። ሞንትጎመሪ ደረቅ ያለ ነው፤ ሲሰበር ይሰነጠቃል፣ አፍ ውስጥ ሲቀልጥ ደግሞ በደንብ የበሰለ የሥጋ መረቅ የመሰለ ጣዕም ይመጣል። ኪንስ ቁጡ ነው፤ ኮምጠጥ ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። ዌስትኮምብ ለስለስ ይላል፤ የወተት ጣፋጭነቱ ቀድሞ ይሰማል፣ ኮምጣጣነቱ ኋላ ይከተላል። ላሞቹ፣ ሣሩ፣ ወተቱን የሚያኮመጥጠው እርሾ፣ የማቆያው እርጥበት፣ የሠሪው እጅ፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ሌላው ቀርቶ ከአንዱ እርሻ የወጣው ቺዝ ራሱ በተሠራበት ቀን ይለያያል። አሁን ስገዛ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ የተሠራ ነው?» ብዬ ነው።

አቀማመሴን ልንገራችሁ። ትንሽ ቁራጭ በእጄ እሰብራለሁ፤ በቢላ የተቆረጠ ገጽ ሽታውን ያን ያህል አይሰጥም፣ የተሰበረው ግን ወዲያው ይሰጣል። በጣቶቼ መሐል ትንሽ አሞቀውና አሸተዋለሁ። ከዚያ ከመሐሉ እቀምሳለሁ፣ ቀጥሎ ወደ ጨርቁ ከተጠጋው። ዳር ዳሩ ዝናብ የነካው አፈር የመሰለ ሽታ አለው፤ እኔ እወደዋለሁ፣ የማይወደው ቢተወው ምንም አይደል።

ለንደን ላላችሁ፣ ቦሮ ማርኬት አጠገብ ወዳለው የኒልስ ያርድ ዴይሪ ሱቅ ሂዱ። ድርጅቱ ሥራ የጀመረው በ1979 እንደ ፈረንጆቹ በኮቨንት ጋርደን ነው፤ ከእርሻዎቹ በቀጥታ እየገዛ ስማቸውን ጠርቶ መሸጡ ለእነዚህ ቺዞች ትልቅ ውለታ ነው። እዚያ ሳይቀምሱ መግዛት የለም። ሻጩ በቢላ ጫፍ ሸርፎ ይሰጣችኋል፤ እናንተም ሳታፍሩ «ከዚህ ጠንከር ያለ አለ?» በሉ። ዋጋው ከፋብሪካው ብዙ እጥፍ ነው። አንድ መቶ ግራም ጥሩ ቺዝ ግን በቀስታ ለሚቀምስ ሰው ብዙ ነው።

እነዚህ እርሻዎች ለምን ጥቂት እንደሆኑ ሳነብ ያዘንኩበት ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ወተቱን ሰብስቦ «የመንግሥት ቼዳር» ወደሚባል አንድ ወጥ ቺዝ አዞረው። ሕዝቡን ለመመገብ ነበር፣ ራሽኑም እስከ 1954 ቆየ። በዚያ መሐል በየእርሻው ቺዝ ይሠሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦች ሥራውን ተዉት፤ አብዛኞቹም አልተመለሱም። እጅ ለእጅ የሚተላለፍ ሙያ አንድ ትውልድ ከዘለለ መመለሱ ከባድ ነው። ዛሬ ሰሌዳዬ ላይ ያሉትን ሳይ ይህን እያሰብኩ ነው የምቆርጠው።

አሁን ለእኛ ቤት የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ ማካፈሉ ላይ ብዙ የተማርኩት እዚህ ነውና። በጨርቅ የሚጠቀለሉት ቼዳሮች ጨርቁ ላይ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሞራ ይቀባል። ሞራው ያለው ከውጭ ነው፤ ቢሆንም የአሳማ ነገር ለማይነካ እንግዳ፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ ሳይነግሩ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። እኔ ገና ሲቀመጡ እናገራለሁ፤ ለማይፈልግም የሚስስ ኪርክሃምን ላንካሸር የሚባል ቺዝ አቀርባለሁ፤ እሱ ጨርቁ የሚቀባው በቅቤ ነው። ሬኔቱም የጥጃ መሆኑን አብሬ እናገራለሁ። ነፍሰ ጡር እንግዳ ካለች ደግሞ ሻጋታ ለብሰው የሚበስሉትን ለስላሳዎቹን አላቀርብላትም፤ የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ጠንካራዎቹን፣ ቼዳርንና ሰማያዊ ሻጋታ ያለውን ስቲልተንን ጭምር፣ ይፈቅዳል።

ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን ሁላችንም እናውቃለን፤ ትልቁ ጉዳይ የገና ስቲልተን ነው። እንግሊዞች ስቲልተንን በብዛት የሚበሉት በዲሴምበር 25 ሰሞን ነው፤ ለዚያ የሚደርሰው በበጋው መጨረሻ በታለበ ወተት የተሠራው ነው። ያን ጊዜ እኛ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ስለዚህ የእኔ ስቲልተን የሚቆረጠው ለታኅሣሥ 29 ነው። በግርግሩ ማግስት ሱቁ ጸጥ ይላል፣ ሻጩም ጊዜ አለው፤ ከተለያዩ ክቦች እያስቀመሰ ያስመርጠኛል።

ስቲልተን በሕግ የተጠበቀ ስም ነው፤ በደርቢሸር፣ በሌስተርሸርና በኖቲንግሃምሸር ብቻ፣ ከፓስቸራይዝድ፣ ማለትም ጀርሙ እንዲሞት በሙቀት ካለፈ፣ ወተት ብቻ ነው የሚሠራው። ስሙን ያገኘባት የስቲልተን መንደር ከሦስቱ አውራጃዎች ውጭ በመሆኗ ራሷ ልትሠራው አትችልም። ክቡ ሳምንታት ከቆየ በኋላ በረጃጅም የብረት መርፌዎች ይወጋል፤ አየር በቀዳዳው ሲገባ ሰማያዊው ሻጋታ በውስጡ ይሰራጫል። ቁራጩን ወደ መብራት ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩት የመርፌው መንገድ ቀጥ ያለ ሰማያዊ መስመር ሆኖ ይታያል። ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ጆ ሽናይደር በኖቲንግሃምሸር ከጥሬ ወተት ስቲችልተን የሚባለውን ይሠራል፤ ጥሬ ወተት ስለሆነ ስቲልተን ብሎ መጥራት አይፈቀድለትም። ለእኔ ከሁሉም የላቀው እሱ ነው፤ ጨዋማነቱ አይጮህም፣ ቅባቱም ምላስ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

እንግሊዞች ከእሱ ጋር ፖርት የሚባለውን ጣፋጭ ወይን ይጠጣሉ። እኔ ጠጅ አቀረብኩ፤ ከደረቁ ሳይሆን ማሩ ከሚሰማው። ጨውና ማር ሲገናኙ ሁለቱም ያምራሉ፤ የጌሾው ምሬት ደግሞ ቅባቱን ይቆርጠዋል። ለማይጠጣ ነጭ ማር በማንኪያ ጫፍ ይበቃል። ከእንጀራ ጋር ሞክሬዋለሁ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ከሻጋታው ጋር ስለሚጣላ አልመክርም። ድፎ ዳቦ ግን፣ በተለይ ጥቁር አዝሙዱ ያልበዛበት፣ እንግሊዞች ከቺዝ ጋር ከሚበሉት የአጃ ብስኩት፣ ከኦትኬክ፣ አያንስም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ የእኛ ሰው ግን በስቲልተን አትጀምሩ። በካርፊሊ ጀምሩ። መነሻው ዌልስ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወደ ጉድጓድ ይዘውት የሚወርዱት ቺዝ ነበር። ጎርዊድ የተባለውን ካርፊሊ ስትቆርጡት ከውጭ ግራጫ ሻጋታ፣ ከሥሩ ቅቤ የመሰለ ስስ ንጣፍ፣ መሐሉ ደግሞ ነጭና ፍርፍር ያለ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጎረቤቴ እማማ መሐሉን ቀምሰው «ይሄማ አይባችን ነው፤ ጨው በዛበት እንጂ» አሉ። የእኛ አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በእሳት የሚወጣ ነው፣ ካርፊሊ ግን ቅባቱ ካልወጣ ወተት በሬኔት የሚረጋ ነው። ቢሆንም እማማ የነገሩኝ ልክ ነው፤ ኮምጣጣነታቸውና መፈርፈራቸው ያገናኛቸዋል። ሁለተኛውን ቁራጭ ራሳቸው ጠየቁ፤ ከዚያ በሳማ ቅጠል ወደተጠቀለለው የኮርንዎል ያርግ አለፍን። ቅጠሉ በረዶ ቤት ስለሚገባ አይለበልብም፤ እሳቸው ግን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ካረጋገጡ በኋላ ነው የበሉት።

ስለ አቀራረቡ አጭር ነገር ልጨምር። ከፍሪጅ አውጥታችሁ አንድ ሰዓት አቆዩት፤ ሲቀዘቅዝ ጣዕሙ ይተኛል። የተረፈውን በፕላስቲክ አታፍኑት፣ ሱቁ በሰጣችሁ ሰም ነክ ወረቀት መልሳችሁ ጠቅልሉት። ለስድስት ሰው ብዙ ትናንሽ ቁራጭ ከመግዛት ሦስት ደህና ደህና ቁራጭ ይሻላል፤ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውም ተመልሶ መቅመስ ይችላል። ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ኃይለኛው ሂዱ፤ ሰማያዊው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ።

ቀጣዩ የላንካሸር ተራ ነው። ኪርክሃሞች የሁለት ወይም የሦስት ቀን የረጋ ወተት ቀላቅለው ነው የሚሠሩት፤ ያንን ድርብርብ ጣዕም ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ። ማንችስተርና ፕሬስተን አካባቢ ያላችሁ፣ እርሻው እናንተው ዘንድ ስለሆነ፣ ጠና ያለውን ካገኛችሁ ግማሽ ኪሎ ያዙልኝ፤ እኔ ከዚህ ሞንትጎመሪ ይዤ እመጣለሁ።