ተራ ቁጥር 41

«ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ሰው አልመጣም ማለት ነው» የሚሉ አስተባባሪ ነበሩን። እኔም አምኜ እንደዚያው ሠራሁ። ካራ ላይ፣ አዲስ አበባ አልቆ የደሴ መንገድ በሚጀምርበት፣ ለቤተሰቦች ማረፊያ በሆነ ቤት በበጎ ፈቃድ ሳገለግል የደረሰው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ከ100 ሺህ በላይ ዜጎችን ከሳዑዲ እስር ቤቶች ለማምጣት የታቀደው በረራ በመጋቢት ተጀምሯል። ተመላሾቹ ከቦሌ ወደ ጊዜያዊ ማቆያ ይገባሉ፤ ወላጆች ደግሞ «ልጄ መጥቷል ተባለ» እያሉ ከወሎ ይጎርፋሉ። ፍራሽ እናነጥፋለን፣ ሽሮ እንሠራለን። ዝርዝር ማገላበጥ የእኔ ድርሻ ነበር።

እኒያ እናት የመጡት ከቆቦ ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ ላምበረት ወርደው፣ ጠይቀው ጠይቀው ደረሱ። ልጃቸው አበበች ጫኔ ጅዳ አጠገብ ካለው የሹመይሲ ማቆያ በሰው ስልክ ደውላ «ልንሳፈር ነው» ብላቸዋለች። ሦስት ቀን ፈለግሁ፤ አበበች የሚባል የለም።

«እማማ፣ ዝርዝሩ ላይ የለችም» አልኳቸው።

«እስቲ መልኳን ልንገርህ፤ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ።»

«በመልክ አንፈልግም፤ በስም ነው።»

ዝም ብለው አዩኝና «ስሟንማ ማንም ይለውጠዋል፣ ልጄ። መልኳን ግን እኔ ነኝ የወለድኩት» አሉ።

የሐዘን ንግግር አድርጌ ወሰድኩት። የነገሩኝ ግን መረጃ ነበር። ወጥ ቤት የምታግዘን እህት፣ ራሷ በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ የመጣች፣ ከበር ላይ ሆና «ሌላ ስም ይኖራታል፤ ጠይቃቸው። እኔም ስሄድ ከድጃ ተብዬ ነው» አለችኝ። ዝርዝሩን የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ መለስኩላት። እንዲህ ያለ መልስ ከአፌ በመውጣቱ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በማግስቱ ማለዳ እናትየውን ላምበረት ወስጄ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳቸው። ለልጃቸው ያመጡትን ቆሎ እንዲመልሱት ብለምናቸው እምቢ አሉ። «ስትመጣ ስጧት» ብለው በጨርቅ እንደቋጠሩት ትተውልን ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት በሩን አንኳኳች። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። «እናቴ እዚህ አርፋለች ብለውኝ ነው» አለች። ስሟን ጠየቅኳት። «እናቴ ያወጣችልኝ አበበች ጫኔ። በወረቀቱ ዘሃራ ሻኒ።» የመጀመሪያውን ስም ደላላው ነው የለወጠው። ዓረብኛ «ጫ»ን የሚጽፍበት ፊደል ስለሌለው የአባቷም ስም እዚያ «ሻኒ» ሆኗል፤ ወደ እኛ ሲመለስም ማንም አላረመውም። ዝርዝሩን አወጣሁ። ተራ ቁጥር 41። ሦስት ቀን በጣቴ እየተከተልኩ ያለፍኩት መስመር ነው።

ሁለቱ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በግማሽ ቀን ተላለፉ። እናትየው ስልክ የላቸውም፤ የጎረቤታቸው ቁጥር ደግሞ አይሠራም። እህታችን ቆሎውን አምጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ጨርቁን አልፈታችውም፤ ቋጠሮውን ብቻ በጣቷ እየዳሰሰች «እሷው ናት» አለች። በበነጋው በዚያው መንገድ ተከትላቸው ሄደች።

በወሩ ሪፖርት ላይ አስተባባሪው «አንዲት እናት ተመላሽ ባለመገኘቷ ወደ ቀያቸው ተሸኝተዋል» ብለው ጻፉ። «ተመላሿ ተገኝታ ነበር፤ ያላገኘናት እኛ ነን» ተብሎ እንዲታረም ጠየቅሁ፤ አልታረመም። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ከአገር ስትወጣ የተጻፈላት ስም» የሚል መስመር ይጨመር ስል ደግሞ ቅጹ ታትሟል ተባልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእስክሪብቶ ጠርዙ ላይ እጽፈዋለሁ። ከሥሩም ወላጆቹ የነገሩኝን መልክ፦ ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው፣ የጥርስ ፍንጭት።